ማንም በማይቆጥርበት ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ቅዱሳን ተጋድሎ ብዙ ጊዜ ተጽፎ አንብበናል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ርእስ ከወትሮው ወጣ ያለ ነው፤ ስለ ማርሻል አርት ሥልጠና ነው። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው ብትከተሉኝ ነገሩ የእጅና የእግር ብቻ ሳይሆን የኅሊና ጉዳይ መሆኑን ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰው በጀመረው ነገር ጸንቶ እንዲቆይ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚመለከቱት ሰዎች ዐይን ነው ወይስ በውስጡ ያለው ኅሊና? ተመልካቹ ተነሥቶ ሲሄድስ ምን ይቀራል?

አስቀድሜ አንድ ነገር ላንሣ። በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በሰመራ ከሰንበት ተማሪዎች መካከል ቴኳንዶ የሚሠለጥኑ አሉ። ይህን የሚያዩ አንዳንድ አባቶችና እናቶች «የቤተ ክርስቲያን ልጅ ከቡጢና ከእርግጫ ጋር ምን አለው? ደግሞስ ለአሠልጣኝ ጎንበስ ማለት ስግደት አይደለምን?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባም። ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት በእኛም አገር ለታላቅ የሚቀርብ ሰላምታ ነው፤ አምልኮ የሚሆነው ልብ አምልኮን ሲጨምርበት ነው። ከሥልጠናው ጋር ለእምነታችን እንግዳ የሆነ ሥርዓት ተቀላቅሎ ቢመጣ ግን ወጣቱ የንስሓ አባቱን ሳያማክር አንድ እርምጃ እንኳ መራመድ የለበትም። ስለ ቡጢውም ቢሆን፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 9 የሯጭንና የቡጢ ተጋጣሚን ነገር ምሳሌ አድርጎ አስተምሯል። እርሱ የነቀፈው መጋደልን ሳይሆን ነፋስ መምታትን፣ ማለትም ዓላማ የሌለውን ልፋት ነው። ከዚያም አልፎ ለሌሎች ሰብኮ ራሱ የተጣለ እንዳይሆን ይጠነቀቅ እንደነበረ ነግሮናል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ፍርሃት ነው።

ጽናት ብቻውን ይበቃልን?

ጽናት ማለት የጀመሩትን ሳይሰለቹ መቀጠል፣ የገቡትን ቃል አለማጠፍ ነው። ሐቀኝነት ደግሞ ውስጥና ውጭ አንድ መሆን፣ በአፍ የተናገሩትና በእጅ የሠሩት መገጣጠም ነው። ብዙዎቻችን ስለ ጽናት ሲነገር መስማት እንወዳለን፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እየተባልን አድገናል። ነገር ግን ጽናት ብቻውን ምግባር አይደለም። ሌባም ይጸናል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፉን አጥቶ፣ ብርድና ፍርሃት ታግሦ አጥር ሥር ያድራል። ቂመኛም ይጸናል፤ ባላንጣውን ዓመታት ሙሉ አድብቶ ይጠብቃል። እንግዲህ ጽናት ጉልበት ነው እንጂ መንገድ አይደለም፤ መንገዱን የሚያሳየው ሐቀኝነት ነው። በአንጻሩም ጽናት የሌለው ሐቀኝነት የአንድ ቀን ስሜት ሆኖ ይቀራል። ዛሬ እውነት የተናገረ ሰው ነገ ዋጋው ሲከብደው ይተወዋል።

የማርሻል አርት መምህራንም ይህን አልሳቱትም። ጂጎሮ ካኖ የተባለው ጃፓናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ ኮዶካን የሚባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት በጥቂት ተማሪዎች ጀመረ። በዚያ ለመማር የሚገባ ሰው በመሐላ መዝገብ ላይ ይፈርም ነበር፤ ከመሐላውም ቃሎች አንዱ ያለ በቂ ምክንያት ሥልጠናውን ላለማቋረጥ ነው። በኮርያ ደግሞ ቴኳንዶ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1955 ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን ያቋቋመው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ለሠልጣኞች አምስት መመሪያዎች አስቀመጠ። እነርሱም አክብሮት፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛትና የማይበገር መንፈስ ናቸው። ሐቀኝነት ከጽናት ቀድሞ መቀመጡን ልብ በሉ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ሐቀኝነት ለሚለው መመሪያ የተመረጠው የኮርያ ቃል ነው። ቃሉ «ዮም ቺ» ይባላል፤ ፍቺውም ኀፍረትን ማወቅ፣ በጥፋት ጊዜ ማፈር መቻል ማለት ነው። ጄኔራሉ ይህ መመሪያ የሚጣስባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር፣ በሕዝብ ፊት ከሚያሳየው ትርኢት በፊት የሚሰብረውን ዕቃ አስቀድሞ አዳክሞ የሚያዘጋጀውን ሠልጣኝ ይጠቅሳል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የጣውላው ነገር

የተወለድኩትም ሥልጠና የጀመርኩትም በአዋሽ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱና ከዚያም የሚመለሱ ከባድ መኪናዎች ያድሩባታል። ስለዚህ የዕቃ ሳጥን ጣውላ አይጠፋባትም፤ እኛም መስበር የምንለማመደው በዚያ ነበር።

ሰማያዊ ቀበቶ በታጠቅሁበት ዓመት ለአንድ በዓል በሕዝብ ፊት ትርኢት እንድናሳይ ተጠየቅን። አሠልጣኛችን ለሥራ ወደ አዳማ ሄደው ስለ ነበር ዝግጅቱን ለእኔና ለሁለት ጓደኞቼ ተዉልን። እኔ ሦስት ጣውላ ደርቤ በቡጢ እሰብራለሁ ብዬ በየሰፈሩ አውርቻለሁ። በልምምድ ላይ ግን ሦስቱ ቀርቶ ሁለቱም አልተሰበሩልኝም። ቀኑ ደረሰ። በዋዜማው ማታ መጋዝ አምጥተን ጣውላዎቹን በጀርባቸው በኩል እስከ ግማሽ ውፍረታቸው ገዘገዝናቸው፤ ክፍተቱንም በሳሙናና በሰጋቱራ ደፈንነው። በማግስቱ በአንድ ምት ተሰበሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እልልታም ተሰማ። እኔም እጄን ወደ ላይ አነሣሁ።

የጎረቤታችን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከፊት ቆሞ ያይ ነበር። በሁለተኛው ቀን በግቢያቸው ውስጥ አንድ የሳጥን ጣውላ በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋድሞ እንዳየው አድርጎ መታው። ጣውላው እንደ ነበረ ቀረ፤ የልጁ ሁለት ጣቶች ተሰበሩ።

ማታውን እናቱ ወደ ቤታችን መጡ። ሊቆጡኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን «ልጄ፣ እባክህ አንተ እንዴት እንደምትሰብር አሳየው፤ ይህ ልጅ እንደሆነ አይተውም፤ ዳግመኛ እንዳይጎዳብኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ይገባኝ ነበር። እኔ ግን «አቋቋሙን ስላላወቀበት ነው፤ እጁ ሲድን አስተምረዋለሁ» ብዬ መለስኩላቸው። እንዲህ አድርጌ የመጀመሪያውን ውሸት በመጋዝ፣ ሁለተኛውን በአፌ ዋሸሁ።

ሦስት ቀን እህል አልዋጥ አለኝ። አሠልጣኛችን ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀበቶዬን ይነጥቁኛል፣ ከክበቡም ያስወጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም በልቤ እመኘው ነበር፤ ቅጣቱን ከተቀበልኩ ነገሩ የሚያበቃ መስሎኝ። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የተሰበረው የእኔ ጣት አይደለም። ሂድና ለልጁ ንገረው፤ ከዚያ በኋላ ና» አሉኝ።

ሄድኩ። ለእናትና ለልጅ በአንድነት ነገርኳቸው። እናትየው ረጅም ጊዜ መሬት መሬት እያዩ ቆዩና «ታዲያ እኔ ይህን ልጅ የገረፍኩት በምን ጥፋቱ ነው?» አሉ። ለካስ የሕክምናው ወጪ አሳርሯቸው ልጁን ገርፈውት ኖሯል። ልጁ ደግሞ የታሰረ እጁን እንደ ያዘ «ጋሼ፣ እውነተኛው ጣውላስ ይሰበራል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላውቅም» አልኩት። ስለ ችሎታዬ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ያህል፣ ሦስት ቀርቶ አንድ ያልተነካ ጣውላ ለመስበር ተለማመድኩ። ሲሳካልኝም ወደ ልጁ ቤት ሄጄ በግቢያቸው ውስጥ፣ በፊቱ ሰበርኩት። ልጁ አላጨበጨበም። የተሰበረውን አነሣና ገልብጦ ጀርባውን አየ።

ይሉኝታና ኅሊና

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር ደጋግሜ ሳስበው አንድ ነገር ተገለጠልኝ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይሉኝታ የሚባል ጠንካራ ስሜት አለን። «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ጥፋት ጠብቆናል፤ ይሉኝታ ቢስ መባልም ከስድብ ሁሉ ይከብደናል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይሉኝታንና ኅሊናን አንድ አድርገን እንቆጥራቸዋለን። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ነገር ግን በዚያች ማታ መጋዙን እንዳነሣ ያደረገኝ ምን ነበር? ይሉኝታ ማጣት ነበርን? አልነበረም። ይልቁንም ይሉኝታ ራሱ ነው! ሦስት እሰብራለሁ ብዬ አውርቼ ስለ ነበር «ሳይሰብር ቀረ» እንዳልባል ፈራሁ። ከሰው ዐይን ለመዳን ስል የሰውን ዐይን አታለልኩ። እንግዲህ ይሉኝታ ሰው በሚያይበት ቦታ አጥር ሊሆነን ይችላል፤ ሰው በማያይበት ቦታ ግን አይከተለንም፤ ከዚህም የባሰ፣ እርሱ ራሱ ወደ ሐሰት የሚገፋን ጊዜ አለ። ኅሊና ግን ጣውላው ሲገዘገዝም ሲሰበርም እዚያው ነበር። ያን ሦስት ቀን እህል የከለከለኝ ሰው አይደለም፤ የሚያውቅብኝ ሰው አልነበረምና።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 የተጻፈውን የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ አስታውሱ። መሬታቸውን እንዲሸጡ ያስገደዳቸው አልነበረም። ከሸጡም በኋላ ገንዘቡ በእጃቸው ነበር፤ ግማሹን ሰጥተው «ግማሹ ይኸው» ቢሉ ማንም አይነቅፋቸውም ነበር። እነርሱ ግን ሁሉን የሰጡ ሰዎች ስም እንዲኖራቸው ወደዱ። ጥፋታቸው ማነሱ አይደለም፤ ያነሰውን ሙሉ ነው ማለታቸው ነው። እኔም አንድ ጣውላ መስበር ያልቻልኩ ጀማሪ መሆኔ ነውር አልነበረም። ነውሩ የሦስት ጣውላ ስም መፈለጌ ነው።

ንጉሥ ሳኦል የጦር ልብሱን ለዳዊት ባለበሰው ጊዜ ብላቴናው ምን አደረገ? አልተለማመድኩትም ብሎ አወለቀው። በሠራዊቱ ሁሉ ፊት የንጉሥ ጥሩር ለብሶ መታየት ለአንድ እረኛ ትልቅ ክብር ነበር። እርሱ ግን ያልደከመበትን ነገር ተሸክሞ ጀግና መስሎ ከመታየት፣ በእጁ የሚያውቀውን ወንጭፍ ይዞ መውጣትን መረጠ። ወንጭፉንስ የት ለመደው? በምድረ በዳ፣ ከበጎቹ በቀር ተመልካች በሌለበት፣ ከአንበሳና ከድብ ጋር ሲታገል። በአደባባይ የታየው ድል በስውር ቦታ የተዘጋጀ ነበር።

በሰመራ ብቻዬን

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሥራ ወደ ሰመራ ሄድኩ። መንገዱ ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ሰመራ የአፋር ክልል መቀመጫ ከአሳይታ ወደ እርስዋ ከተዛወረ ወዲህ ያደገች አዲስ ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ነፋሱም እሳት ይዞ የሚመጣ ይመስላል። በዚያ ስደርስ አሠልጣኝም ሆነ የሥልጠና ጓደኛ አልነበረኝም። ስለዚህ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥቼ በየእግሬ መቶ መቶ ምት ለመለማመድ ለራሴ ቃል ገባሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት መቶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሰባ ላይ ስደርስ «መቶ» ብዬ ማቆም ጀመርኩ። ማን ያየኛል? ማንስ ይቆጥርብኛል? ከጣውላው በኋላ የዳንኩ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው የነበረበት ጥፋት ነበር፤ ልጅ ነበረ፤ እናት ነበሩ፤ አሠልጣኝ ነበሩ። እዚህ ግን የተታለለ ሰው የለም። አንድ ሰው ራሱን ብቻ ቢዋሽ ማንን በደለ?

ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አስቸገረኝ። መልሱን ያገኘሁት በስቅለት ዕለት ነው። እንደምታውቁት በዚያ ዕለት ምእመናን ወደ ካህናት ቀርበው በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን መታ መታ ተደርገው የሚሰግዱት ቁጥር ይታዘዝላቸዋል። እኔም 41 ስግደት ታዝዤ ጀመርኩ። ሠላሳ አካባቢ ስደርስ ጉልበቴ ዛለ፤ ሰዉም ብዙ ነበርና ማንም የሚያየኝ አልነበረም፤ ቆምኩ። በቆምኩበትም አንድ ነገር ሰውነቴን ወረረው። በየማለዳው ሰባውን መቶ ያለች ምላስ ናት ዛሬ ሠላሳውን 41 ያለችው። ለካስ ራሴን ስዋሽ የተበደለ ሰው የለም ማለቴ ስሕተት ነበር። ውሸትን የምለማመደው በየዕለቱ ማለዳ ነበር! እጅና እግር በመደጋገም እንደሚሠለጥኑ ሁሉ ኅሊናም ይሠለጥናል፤ ወደ ቀናው ካልሠለጠነም ወደ ጠማማው ይሠለጥናል እንጂ እንዲሁ አይቀመጥም።

ምናልባት ከመካከላችሁ «እግዚአብሔር ልብን ያያል እንጂ ቁጥር ይቆጥራልን? ይህስ ፈሪሳዊነት አይሆንምን?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እግዚአብሔር የእኛን 41 አይሻም። ቁጥሩ ግን እሺ ብለን የተቀበልነው ቃላችን ነው። ከበደን ወይ? ካህኑ እዚያው አሉ፤ «አባቴ፣ አቅቶኛል፤ ይቀነስልኝ» ማለት ይቻላል፤ ይህ ትሕትና ነው። ሰባ ምት የቻለ ሰው «ሰባ» ይበል፤ የታመነ ሰባ ከሐሰተኛ መቶ ይበልጣል። ፈሪሳዊነት ቁጥር መጠበቅ አይደለም፤ ለሰው ለመታየት መቁጠር ነው። እኔ የምለው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማንም በማያይበት ቦታ መቁጠር። በዚያ ዕለት የቀረውን ሰግጄ ጨረስኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የማለዳውን ምት ወደ ስድሳ ዝቅ አደረግሁት፤ ስድሳውን ግን ስድሳ መታሁ።

በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰለሞን ቱፋ አገራችንን ወክሎ በቴኳንዶ ተወዳድሯል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአዳራሹ ተመልካች አልነበረም። ሰው በዓለም ትልቁ መድረክ ላይ ወጥቶ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ይታያችሁ! በቴሌቪዥን የሚያዩት ብዙ ቢሆኑም በዚያ ሰዓት ጭብጨባ የሚያበረታው የለም። በእንዲህ ያለ ቦታ ሰው ይዞት የሚገባው ብቻውን ሆኖ የሠራውን ነው።

ከሥልጠናው ውጭ

ቁጥር በልምምድ ቦታ ብቻ አይደለም ያለው። በሰመራ የነበረኝ ሥራ በአንድ መጋዘን ከመኪና የሚወርደውን ጆንያ መቁጠርና መፈረም ነበር። አንድ ቀን 400 ጆንያ የጫነ ነው በሚል ወረቀት የመጣ መኪና ሲራገፍ 394 ሆነ። ሾፌሩ ወደ ጎን ወስዶ «ወንድሜ፣ ስድስት ጆንያ ምን አላት? አንተም ልጆች ታሳድጋለህ፤ እኔም አሳድጋለሁ» ብሎ ገንዘብ በእጄ ሊያስጨብጠኝ ሞከረ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ የቤት ኪራይ አልከፈልኩም ነበር። 394 ብዬ ፈረምኩ። ሾፌሩ ረገመኝ፤ አለቃዬም አላመሰገነኝም፤ ነገሩ ጣጣ ስላመጣበት እንዲያውም ለብዙ ቀን ፊቱን አጠቆረብኝ። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለማመስገን ሳይሆን ሐቀኝነት ወዲያው ይሸለማል ብለን ልጆችን እንዳናታልል ነው። አንዳንዴ አይሸለምም። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ብዕሩን ያጸናልኝ የመጋዘኑ ሕግ አልነበረም፤ በየማለዳው ስድሳውን ስድሳ ማለቴ ነው። በትንሹ የታመነ በብዙም የታመነ ይሆናል የሚለውን የጌታችንን ትምህርት ሁልጊዜ የማየው በሽልማት በኩል ነበር፤ ለካስ የሥልጠናንም ነገር ይነግረናል።

ጎረቤቶቻችን አፋሮችም ለዚህ ትልቅ ትምህርት ቤት ናቸው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ይህ ሥርዓት ዳጉ ይባላል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ሰላም ይነጋገራሉ፤ ነገሩን በዐይኑ አይቶ እንደሆነ ወይም ከሰው ሰምቶ እንደሆነ ተናጋሪው ይለያል። ዳጉን ያዛባ ሰው በወገኖቹ ዘንድ አመኔታውን ያጣል። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ቦታ ዝናብ ዘነበ የሚል ሐሰተኛ ወሬ አምኖ ግመሎቹን ነድቶ የሄደ ሰው ውሃ ባያገኝ፣ ከእነ ከብቱ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ በበረሃ መካከል፣ መስካሪ በሌለበት፣ «ይህን አይቻለሁ፤ ይህን ግን ሰምቼ ነው» ብሎ መለየት የሕይወት ጉዳይ ነው። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተቀምጠን ያላየነውን አየን፣ ያልሰማነውን ሰማን እያልን የወንድማችንን ስም የምናነሣ እኛስ በዚህ አንፈረድምን?

ምን እናድርግ?

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሠልጣኞች ሆናችሁም አልሆናችሁ ሦስት ነገሮችን በትሕትና ላሳስባችሁ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ የምትችሉትን ያህል ብቻ ቃል ግቡ። ትልቅ ቃል ገብቶ በሐሰት ከመሙላት ትንሽ ገብቶ በእውነት መፈጸም ይሻላል። ለመዘምራን ልምምድ እመጣለሁ ያለ ይምጣ፤ የማይመጣ ከሆነ አስቀድሞ ይናገር።

ሁለተኛ፣ በየቀኑ ማንም የማይቆጥርላችሁ አንድ ነገር ይኑራችሁ። የተወሰነ የመዝሙረ ዳዊት ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ደካማ ጎረቤት ውሃ መቅዳት ሊሆን ይችላል፤ የእግር ምት ልምምድም ሊሆን ይችላል። ለሰው ሳትነግሩ ቁጥሩን ጠብቁ፤ ኅሊና የሚጠነክረው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ስትወድቁ ወደ ተበደለው ሰው ሂዱ። ንስሓ ለንስሓ አባት መናገር ነው፤ ነገር ግን አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን የቀማ ሲመልስ፣ ያሳዘነም ይቅርታ ሲጠይቅ ነው የሚፈጸመው። እኔ ለአሠልጣኜ ተናግሬ ዕረፍት ፈልጌ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጣቱ ወደ ተሰበረው ልጅ ላኩኝ። ዛሬም ስለዚያ አመሰግናቸዋለሁ።

ከአዋሽ እስከ ሰመራ ድረስ በምንጓዝበት ሸለቆ የሚወርደው የአዋሽ ወንዝ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ባሕር ግን አይደርስም፤ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ባሕር አልደረሰም ተብሎ ግን ከንቱ አልሆነም፤ በመንገዱ ሁሉ ከብት ይጠጣበታል፤ እርሻ ይለማበታል። ከእኛም ብዙዎቻችን ጥቁር ቀበቶ ላንታጠቅ፣ በትልቅ መድረክም ላንቆም እንችላለን። የምንጠየቀው የት ደረሳችሁ ተብለን ብቻ አይደለም፤ በመንገዳችሁ የነበራችሁት እናንተ ራሳችሁ ነበራችሁን ተብለንም ነው።

ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ ጣቶቹም ድነዋል። በአዋሽ ስንገናኝ እየሳቀ ሰላም ይለኛል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያቺ ጣውላ ትዝ ትለኛለች፤ እንዴት አድርጎ ገልብጦ ጀርባዋን እንዳየ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባል የለ! ሰው የሚያየው ፊታችንን ነው፤ አንድ ቀን ግን ሁላችን እንገለበጣለን። የዚያን ቀን ጀርባችን እንደ ፊታችን ሆኖ እንዲገኝ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።